ለሹፌር የሚቀዳው ብርዝ

ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ በር ላይ ስቀመጥ የሰፈሩ ሰው ስለ መኪና ይጠይቀኛል። የትኛው መንገድ ከባድ ነበር፣ የትኛው አለቃ ክፉ ነበር፣ ስንት ጊዜ ተገለበጥክ ይሉኛል። አልተገለበጥኩም። ይህን ስላቸው ደስ አይላቸውም፤ ያልተገለበጠ ሹፌር ወሬው አይጥምም። እኔ ደግሞ ለወሬ ብዬ መኪና አልገለብጥም።

የምጽፈው ልጄ ጻፍ ስላለችኝ ነው። ትምህርቴ ጥቂት ነው። ልደታ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ከአንድ መሪጌታ ዘንድ ፊደል ቆጠርኩ፣ ዳዊት ሳልደግም ተውኩት። ፊደሌ ቢንጋደድ አንባቢ ይቻለው። መንገዱን ካወቀ ይደርሳል።

ዕድሜዬን የነዳሁት አራት ቦታ ነው። መጀመሪያ በጣልያን ጊዜ የስሚንቶ ጭነት፣ ከዚያ ጅማ መንገድ ላይ የቡና ጭነት፣ ከዚያ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የአለቆች መኪና፣ በመጨረሻ የከተማ አውቶቡስ። ከሁሉ የሚቀለው የአለቆች መኪና ነው፤ ከሁሉ የሚያሰለቸውም እሱ ነው። ቡናው ጥሩ ነበር፣ ጭቃው ግን ልብ ያወልቃል። አውቶቡሱን ወድጄው ነበር፤ ተሳፋሪው ግን ዘገየህ ብሎ ይሰድብሃል፣ ፈጠንክ ብሎም ይሰድብሃል። ሥራውን የተማርኩት ግን በመጀመሪያው ቦታ ነው፤ ስለሱ ነው የምጽፈው። በልደታ ማኅበራችን ለሹፌር ጠላ ለምን እንደማይቀዳ አሁን ያሉት አባሎች አያውቁትም። እንዲያው ልማድ ነው ይላሉ። ልማድ አይደለም። የሆነ ነገር ሆኖ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ጣልያን አዲስ አበባን በያዘ በሚቀጥለው ዓመት ነው። አባቴ ሞቶ ነበር፤ እናቴና እህቶቼ በኔ እጅ ነበሩ። ለጣልያን ሠራህ የሚለኝ ካለ፣ አዎ ሠራሁ። ጀግና ጫካ ገባ፤ እኔ ስሚንቶ ጫንኩ። ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከኔው ስሙት።

ከልደታ ወደ ጌጃ ሰፈር ሲወረድ በቆርቆሮ የታጠረ የጭነት መኪኖች ግቢ ነበር። ባለቤቱ ሲኞር ካርሎ የሚባል ወፍራም ጣልያን ነው። ይጮሃል፤ ሲጮህ አንገቱ ይቀላል፤ ሲጨርስ ግን ረስቶት ያቅፍሃል። ደመወዝ በቀኑ ይከፍል ነበር፤ ይህን አልክደውም። አማርኛ በሰባራው ይናገራል። የግቢው እውነተኛ አለቃ ግን እሱ አልነበረም። ጋሼ በየነ ነበሩ።

ጋሼ በየነ ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግር የማይወዱ ሰው ነበሩ። ከጣልያን በፊት የአንድ መኳንንት ሹፌር ነበሩ፤ ያን ጊዜ መኪና የሚነዳ ሐበሻ በጣት የሚቆጠር ነበር። የቀኝ እጃቸው አውራ ጣት ወደ ውጭ ተጣሞ ቀርቷል። ሥራ የገባሁ ዕለት ያንን ጣት አፍንጫዬ ሥር አመጡት።

«ይህን አየኸው?» አሉኝ።

«አየሁት ጋሼ።»

«ማንቬላ ነው የሰበረው። መጀመሪያ የምትማረው ይህን ነው። መሪ በኋላ ትይዛለህ።»

ማንቬላን የዛሬ ሹፌሮች አያውቁትም። የዚያን ጊዜ መኪና በቁልፍ አይነሳም። ከፊት ለፊቱ ቀዳዳ አለ፤ እዚያ የታጠፈ ብረት ትከትና በጉልበትህ ታዞረዋለህ። ያ ብረት ነው ማንቬላ። ሞተሩ ሲነሳ አንዳንድ ጊዜ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ብረቱ እንደ በቅሎ ይራገጣል። አውራ ጣትህን ጠቅልለህ ይዘኸው ከሆነ ይሰብርሃል። አምስቱም ጣቶችህ በአንድ ወገን ከሆኑ ግን ተንሸራቶ ይወጣል። ቀላል ይመስላል። ሰው ግን ብረት ሲጨብጥ አውራ ጣቱን መጠቅለሉ ተፈጥሮው ነው፤ ይህን ለማስለቀቅ ብዙ ጊዜ ይፈጃል።

ጋሼ በየነ ማንቬላዎቹን በሙሉ በግቢው በር አጠገብ ባለች ክፍል ግድግዳ ላይ ይሰቅሏቸው ነበር። ሹፌር ጠዋት ይመጣል፣ ከእጃቸው ይቀበላል፣ እፊታቸው ሞተሩን ያስነሳል። እሳቸው ቆመው የሚያዩት መኪናውን አይደለም፤ የሹፌሩን ጣት ነው። መጠጥ ያደረበት ሰው ጣቱን ይረሳል ብለው ያምኑ ነበር።

«አፍህን በቅርንፉድ ታጥበዋለህ፤ ዓይንህን በውሃ ታጥበዋለህ። ጣትህን በምን ታጥበዋለህ?» ይሉ ነበር።

አውራ ጣቱን የጠቀለለ ሹፌር አይሰደብም፣ አይከሰስም። እጃቸውን ዘርግተው «አምጣ» ይሉታል፤ በቃ። ማንቬላውን መልሶ ያን ቀን ጎማ ሲለጥፍ ይውላል። እኔም አንድ ሁለቴ ለጥፌያለሁ፤ አንዱን ግን ጠጥቼ አልነበረም፣ እንቅልፍ ነው። ብነግራቸው «ለተገጨው ሰው ልዩነት የለውም» አሉኝ።

ሌላም ብዙ ልማድ ነበራቸው። ሲነዱ ጫማቸውን ያወልቃሉ፤ ፍሬኑ ሲለሰልስ በባዶ እግር ቶሎ ይታወቃል። መንገድ ላይ ሲቆሙ በእጃቸው ጀርባ የእያንዳንዱን ጎማ እምብርት ይነካሉ፤ ሞቆ ካገኙት ፍሬኑ ይዟል ማለት ነው። በመዳፍ ለምን አይነኩም ብዬ ጠየቅኋቸው። «መዳፍ ሠርቶ ደንዝዟል» አሉኝ። ቁልቁለት ሲመጣ ደግሞ ገና አናቱ ላይ ማርሽ ያወርዳሉ፤ ግማሽ ላይ ደርሰው አይደለም። የተጫነ መኪና ቁልቁለት ላይ የሚያቆመው ሞተሩ እንጂ ፍሬኑ አይደለም ይላሉ። ይህን ዕድሜዬን ሙሉ አድርጌዋለሁ። ያልተገለበጥኩት ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም።

አሁን ወደ ደምሴ ልምጣ።

ደምሴ የጌጃ ሰፈር ልጅ ነው። ከሁላችንም የሚበልጥ ሹፌር እሱ ነበር፤ ጋሼ በየነም ያውቁታል፣ ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው። የተጫነ መኪና በጠባብ በር ወደ ኋላ ሲያስገባ ዘወር ብሎ እንኳ አያይም። ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ግቢው ውስጥ እሱ ካለ ሲኞር ካርሎም ይስቃል። ግን ይጠጣል። ጠጅ ቤት ሲገባ እንደ ሰው አይደለም፤ ጠጁ እስኪያልቅ ወይ ቤቱ እስኪዘጋ ነው።

በመጀመሪያ ጊዜ የተያዘው የአንድ ሰው አጥር በመኪናው ፊት አንጠልጥሎ ሲሄድ ነው። ፖሊሶቹ አስቁመው ይህ ምንድን ነው አሉት። «አጥሩ ነው የተከተለኝ» አለ። አሳደሩት፤ መቀጮ ከፈለ፤ ወጣ። ግቢው ውስጥ ለብዙ ቀን «አጥሮ» ብለን ጠራነው። እሱም አብሮን ሳቀ።

ሁለተኛው ግን አላሳቀም። ተክለ ሃይማኖት አጠገብ የዱቄት ጭነት ገለበጠ። ሰው አልሞተም፤ አንድ አህያ ሞተች፣ መንደሩ በሙሉ ነጭ ሆነ። ያን ጊዜ ለፍርድ ቀረበ።

የፍርዱ ነገር እንዲህ ነበር። አንድ ጣልያን ሹም ይቀመጣል፤ ከጎኑ ሁለት ያገር ሽማግሎች ይቀመጣሉ፤ መካከል ላይ አስተርጓሚ ይቆማል። ሹሙ የሚፈርደው ባገሩ ደንብ ነው፤ ሽማግሎቹ ደግሞ ያገራችንን ሕግ ያስገቡበታል። ጂኖ የሚባል አንድ ጣልያን ሹፌር ነበር፤ ከደምሴ የባሰ ሰካራም ነው። እሱን ፖሊሶቹ ደግፈው ቤቱ ያደርሱት ነበር እንጂ ከሹሙ ፊት ሲቆም አላየንም። ሁለተኛ ጊዜ፣ ሦስተኛ ጊዜ እየተባለ የሚቆጠረው ለኛ ነው። ይህን ለማማረር አይደለም የጻፍኩት፤ እንደዚያ ስለነበር ነው።

አስተርጓሚው ፍርዱን ነገረው። «መጀመሪያ ጊዜ መቀጮ ነበር። ይህ ሁለተኛህ ነው፤ ትታሰራለህ። ስትወጣም መንጃ ፈቃድህ ዋስ እስክትጠራ እዚህ ይቀመጣል። ሦስተኛ ጊዜ ሰክረህ ከተገኘህ ብዙ ትታሰራለህ፤ ፈቃድህም ለዘለዓለም ይቀራል።»

ዋሱን ያስገቡት ሽማግሎቹ ናቸው። ሹሙ ግን አንድ ነገር ጨመረበት። ዋሱ ራሱ ሹፌር ይሁን አለ፤ ሰውየው ሦስተኛ ጊዜ ካጠፋ የዋሱም ፈቃድ አብሮ ይቀራል። ሽማግሎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ይህ ባገራችን ሕግ አልነበረም። ግን ፍርዱ ጸና።

ደምሴ ታስሮ ሲወጣ ዋስ ፍለጋ ግቢውን ዞረ። ሁሉም ምክንያት አገኘ። አንዱ ሚስቴ ነፍሰ ጡር ናት አለ፤ አንዱ ወንድሜን ልጠይቅ አለ። የኔ ፈቃድ ገና አዲስ ስለነበር ሹሙ አይቀበለውም። በመጨረሻ ከጋሼ በየነ ፊት ቆመ፤ አልጠየቃቸውም። አንገቱን ደፍቶ ቆመ ብቻ።

«ማን ነው ያስተማረህ?» አሉት።

«እርስዎ ነዎት።»

«እንግዲያው ሌላ ማን ዋስ ይሁንህ?»

ግን ዝም ብለው አልሆኑም። ደምሴን የልደታ ማኅበር ነፍስ አባት ዘንድ ወሰዱት፤ ሁለቱም የማኅበሩ አባሎች ነበሩ። እኔም ተከትዬ ሄድኩ። ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄ አልቀምስም ብሎ በመስቀሉ እንዲምል ነው። ደምሴ እጁን ሲዘረጋ ቄሱ ቆይ አሉት።

«የማኅበሩን ጽዋ ግን አልጠጣም ብለህ አትምልም። በእመቤታችን ጽዋ ላይ መማል ድፍረት ነው።»

ማኅበርተኛ ያልሆነ አንባቢ ካለ ልንገረው። ማኅበራችን በወሩ መጀመሪያ ቀን ይሰበሰባል። ጸሎት ይደረጋል፣ ጠላው ይባረካል፣ ጽዋው ከሰው ወደ ሰው ይዞራል። አንድ አንድ ጉንጭ ነው። ጽዋ እምቢ ማለት ከማኅበሩ መውጣት ነው። ጋሼ በየነ ትንሽ አሰቡ።

«እሺ፣ ከጽዋ በቀር በል» አሉት።

«ከጽዋ በቀር» አለ ደምሴ፤ ማለ።

ከዚያ ወዲያ ዓመት አለፈው፤ አልጠጣም። እኛ አላመንንም ነበር። ጠጅ ቤት በር ላይ ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል፤ «እዚያ ውስጥ አንድ የማላውቀው ሰው አለ» እያለ ይቀልዳል። ጠዋት ጠዋት ማንቬላውን ይቀበላል፤ አምስቱም ጣቶች በአንድ ወገን። ጋሼ በየነ ምንም አይሉም፤ ግን ደስ እንዳላቸው ከትከሻቸው ይታወቃል።

የግንቦት ልደታ ደረሰ። ጌጃ ሰፈር ያን ዕለት ሰው ቤቱ አይቀመጥም። ጎረቤት ከጎረቤት ተሰብስቦ ደጅ ላይ፣ መንገድ ዳር ንፍሮ ቀቅሎ ይበላል፤ እዚያ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ማኅበሩም የዓመቱን ድግስ የሚደግሰው ያን ዕለት ነው። ሲኞር ካርሎ ከቀትር በኋላ ለቀቀን። ጋሼ በየነና ደምሴ ወደ ማኅበሩ ሄዱ። እኔ ያን ጊዜ አባል ስላልነበርኩ ግቢ ቀርቼ መኪናዬን አጥብ ነበር።

ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ሲኞር ካርሎ እየጮኸ ተመለሰ። ከባቡር ጣቢያ ስሚንቶ ዛሬውኑ ይውጣ፣ ለመንገድ ሥራ ይፈለጋል ተብሏል። ወዲያው ጋሼ በየነን አስጠራ። መጡ፤ ጽዋቸውን ቀምሰው ብዙም ሳይቆዩ ተነስተው ነበር። አንዱ ሹፌር እኔ ነኝ፤ ሁለተኛ ሲፈለግ ደምሴ ራሱ መጣ። ፊቱን ታጥቧል፤ አረማመዱ ቀጥ ያለ ነው። አጠገባቸው ሲደርስ ጠላ ሸተታቸው።

«ምንድን ነው?» አሉት።

«ጽዋ ነው ጋሼ።»

«ጽዋ ብቻ?»

«ከጽዋ በቀር አልነካሁም። በመስቀሉ ምያለሁ እኮ።»

እሳቸውም ራሳቸው ጽዋ ሸትተዋል። ምን ይበሉ? ማንቬላውን ከግድግዳው አውርደው ሰጡት። ደምሴ ጎንበስ አለ፤ እኔ ከጎን ቆሜ አየሁ። አምስቱም ጣቶች በአንድ ወገን ነበሩ። ሞተሩ ወደ ኋላ መለሰ፤ ብረቱ ከእጁ ላይ ተንሸራቶ ወጣ፤ ጣቱን አልነካውም። በሁለተኛው አስነሳው።

«ሂድ» አሉት።

እኔ ከኋላው ተከተልኩ። ባዶ መኪና ነው፤ ግን ወደ ጌጃ ሰፈር የሚወርደው ቁልቁለት ጠምዘዝ ያለ ነው። አናቱ ላይ ስደርስ ማርሽ ላወርድ ስል የሱ መኪና ድምፁ ሳይለወጥ ሲወርድ ሰማሁ። ሞተር ማርሽ ሲወርድለት ይጮሃል። የሱ አልጮኸም። ወዲያው ፍሬኑ ሲፋጭ ሰማሁ። ከመጠምዘዣው ስደርስ መኪናው የግራ ጎማዎቹን ከመንገድ አውጥቶ ቆሟል። የንፍሮው ድስት ተገልብጦ ባቄላውና ስንዴው አፈሩ ላይ ተበትኗል። ሴቶቹ ቆመዋል። አንዷ ግን ተቀምጣለች።

ወይዘሮ አስካለ ይባላሉ፤ እዚያው ደጃቸው ላይ ጌሾና ብቅል የሚሸጡ ሴት ናቸው። ሌሎቹ ድምፁን ሰምተው ዘለው ሲነሱ እሳቸው ድስቱን ሊያድኑ ጎንበስ አሉ። አንድ እግራቸው ከጉልበት በታች ጎማው ሥር ነበር።

ደምሴ ወርዶ መሬት ላይ ተቀምጧል። ሲያየኝ ያለው ይህን ብቻ ነው።

«ማርሹን አላወረድኩም። አናቱ ላይ አላወረድኩም።»

ሴትዮዋን በኔ መኪና ሐኪም ቤት አደረስኳቸው። ነፍሳቸው ተረፈ፤ እግራቸው ተቆረጠ።

ደምሴ ምን እንደጠጣ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። መሐላውን አልሰበረም። በድግሱ ላይ ሰው ሁሉ በዋንጫ ሲጠጣ እሱ ዋንጫ አልነካም። ግን ጽዋው ዞሮ ሲያበቃ በተባረከው ማሰሮ ውስጥ ጠላ ተረፈ። የጽዋ ትራፊ አይደፋም፤ ሰው መጠጣት አለበት። ደምሴ ማሰሮው አጠገብ ተቀመጠ። ቀጂው በመጣ ቁጥር ከጽዋው ቅዳልኝ ይለዋል። ማሰሮውን ጨረሰው። በልቡ ጽዋ ነው፤ ጽዋ ደግሞ አይቆጠርም።

የፍርዱ ቀን ሲቃረብ ሲኞር ካርሎ ጋሼ በየነን ጠራቸው። ፊቱ ተለዋውጦ ነበር፤ ከሳቸው የተሻለ ሹፌር እንደማያገኝ ያውቃል።

«በየነ፣ አንተ በል ‹እኔ አላየም፤ ደምሴ ማንቬላ ሰርቋል›። ሰርቆ ከሆነ፣ ዋስ ጥፋት የለም። በቃ። አልቋል።»

«አይቻለሁ ሲኞር።»

«አንተ ዓይን ጨፍን። አንድ ቀን።»

«የጨፈንኩትማ ያን ዕለት ነው» አሉት፤ ወጡ።

እኔና ጋሼ በየነ ዳቦ ይዘን እስር ቤት ሄድን። ደምሴም ያንኑ አለ።

«ጋሼ፣ ሰርቆ ነው የወሰደው ይበሉ። እኔ እንደሆነ መታሰሬ አይቀርም። የርስዎ ፈቃድ ይትረፍ።»

«ሰርቀሃል?»

«አልሰረቅኩም።»

«ሰካራም መባልህ አንሶህ ነው? ዳቦህን ብላ።»

ስንመለስ መንገድ ላይ እኔም ለመንኳቸው። ሌላ ሥራ አያውቁም፤ ዕድሜያቸውም ሄዷል፤ ቤታቸው ውስጥ ብዙ አፍ አለ። ፈቃዱ ከቀረ ጎማ ለጣፊ ሆነው መቅረታቸው ነው።

«ጋሼ፣ ጣልያን ፊት እውነት መናገር ምን ግዴታ አለብን? አገራችንን በምን ያዙት?» አልኳቸው።

ቆሙ። «እግሯ የተቆረጠችው ጣልያን ናት?» አሉኝ።

ፍርዱ ፊት ደምሴ ሁሉንም አመነ። የጽዋውን ነገር ሲናገር አንደኛው ሽማግሌ ሳቅ አመለጣቸው፤ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ሹሙ፣ ሰውየው ምን አለ፣ ለምን ይሳቃል ብሎ ጠየቀ። አስተርጓሚውን ላብ አጠመቀው። ጽዋን በጣልያንኛ ለማስረዳት ብዙ ተናገረ፤ ሹሙ ጠረጴዛውን መታ።

«ቅዱስ ጠላ ያሰክራል ወይስ አያሰክርም?» ብሎ አስጠየቀ።

ደምሴ፣ «ያሰክራል» አለ።

ከዚያ ጋሼ በየነ ተጠሩ። ሁለተኛው ሽማግሌ ሊያድኗቸው ፈልገው አነጋገሩን አመቻቹላቸው።

«አቶ በየነ፣ ይህ ሰው መኪናውን ሲያስነሳ እርስዎ ማኅበር ቤት ነበሩ አይደለም?»

«አልነበርኩም። ግቢ ነበርኩ።»

«ሌላ ሥራ ይዞዎት ይሆናል።»

«ሌላ ሥራ አልያዘኝም። ማንቬላውን በእጄ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ጠላ ሸትቶኛል። ከጽዋ በቀር ብዬ ያስማልኩትም እኔ ነኝ። ጣቱን አይቼ አሳለፍኩት። የደምሴ ጣት ከራሱ በፊት የተማረ ነው፤ ይህን ማወቅ ነበረብኝ፤ አላወቅኩም።»

አስተርጓሚው የጣቱን ነገር ዘለለው መሰለኝ። ሹሙ አንዴ ብቻ ራሱን ነቀነቀ። ደምሴን አሰረው፣ ፈቃዱንም ወሰደ። የጋሼ በየነንም ወሰደ። ጸሐፊው መሳቢያ ውስጥ ሊከተው ሲል ጋሼ በየነ እጃቸውን ዘረጉ።

«ፎቶግራፉን ስጡኝ። ሌላ የለኝም» አሉ።

ጸሐፊው ሹሙን አየው፤ ሹሙ ትከሻውን ሰበቀ። ፎቶግራፉን ገንጥሎ ሰጣቸው። ጥግ ላይ የማኅተሙ ግማሽ ነበረበት። ያንን ፎቶግራፍ በኋላ እቤታቸው ግድግዳ ላይ አይቼዋለሁ፤ ከነማኅተሙ።

ከዚያ ወዲያ ጋሼ በየነ ጎማ ለጣፊ ሆኑ። የማንቬላውን ክፍል ራሳቸው ለኔ አስረከቡኝ። ሲኞር ካርሎ ክፍሉ በእጅህ ይቆይ ቢላቸው እምቢ አሉ። እኔም ጣት ማየቱን አልተውኩም፤ ግን አንድ ነገር ጨመርኩበት። ማንቬላውን ከመስጠቴ በፊት ሹፌሩን አስቀምጬ የሚሄድበትን መንገድ ከመነሻ እስከ መድረሻ አስነግረዋለሁ፤ የት ማርሽ እንደሚያወርድ፣ የት እንደሚያዘገይ። ጣት ከልምዱ ይሠራል። መንገድ ለመናገር ግን ራስ ያስፈልጋል። ይህን ለጋሼ በየነ ስነግራቸው ጎማውን እየፋቁ «ድሮ ቢታሰብ ጥሩ ነበር» አሉ። የወቀሱት ራሳቸውን ይሁን እኔን አላወቅኩም።

ለወይዘሮ አስካለ ምርኩዝ የሠሩላቸው እሳቸው ናቸው። ከተሰበረ የመኪና ሳንቃ ጠርበው፣ ታች ላይ እንዳይንሸራተት ከአሮጌ ጎማ ቆርጠው አለበሱት። ጎማው ባለቀ ቁጥር ሄደው ይለውጡላቸው ነበር። ብዙ አይነጋገሩም ነበር። ሴትዮዋ «ይግቡ» ይላሉ፤ እሳቸው «እዚሁ ይበቃኛል» ይላሉ።

በማኅበሩም ተነስተው ተናገሩ። ቄሱ በጽዋ ላይ አይማልም ያሉት ትክክል ነው፤ ጠላ ግን የግድ አይደለም፤ ለሹፌር በብርዝ ይሁንለት አሉ። ማሩ ተባርኮ በውሃ ይበጠበጣል፤ አያሰክርም፤ ጽዋም ነው። አንዳንዱ ተከራከረ፤ አባቶቻችን ያላደረጉት ነው አለ። «አባቶቻችን መኪና አልነዱም» አሉ ጋሼ በየነ። እሺ ተባለ።

ጣልያን ወጣ። ንጉሡ ገቡ። ጣልያን የፈረደው ሁሉ ፈረሰ ተባለ፤ የታሰረው ተፈታ። ለመንጃ ፈቃድ ሁሉም እንደገና ይመዝገብ፣ ዋስ ይጥራ ተባለ። እኔ ወዲያው ሄጄ አወጣሁ። ለጋሼ በየነ በደስታ ሮጬ ነገርኳቸው።

«ጋሼ፣ የርስዎም ፈረሰ። ነገ እንሂድ፤ ፎቶግራፉም አለዎት።»

ጎማ እየለጠፉ ነበር፤ ቀና አላሉም። «የሷ እግር ተመለሰ?» አሉ።

አልሄዱም። እስኪሞቱም አልነዱም። ደምሴ ግን ከእስር ወጥቶ መጣ። ከስቷል፤ ጠጉሩ ሸብቷል፤ ጨዋታው ግን አልለቀቀውም። ዋስ ፈልጎ ከጋሼ በየነ ፊት እንደ ድሮው ቆመ። አሁንም አንገቱን ደፍቷል።

«እኔ አንዴ ሆኜሃለሁ» አሉት። «ና፣ ዋስህን ላሳይህ።»

ሦስታችን ወደ ጌጃ ሰፈር ወረድን። ወይዘሮ አስካለ እደጃቸው ተቀምጠው ጌሾ ይለቅማሉ፤ ምርኩዙ ከግድግዳው ተደግፏል። ደምሴ ሲያያቸው ወደ ኋላ ሊል ፈለገ፤ ጋሼ በየነ ክንዱን ያዙት።

«ወይዘሮ አስካለ፣ ይህ ሰው እንደገና ሊነዳ ይፈልጋል። ዋስ ጥራ ብለውታል። እርስዎ ከሆኑለት ይነዳል። ካልሆኑለት ሌላ ሹፌር እንዳይሆንለት እኔ እነግራለሁ።»

ሴትዮዋ ጌሾውን አስቀመጡ። ደምሴን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ከሳህ» አሉት።

«አዎ እትዬ።»

«እኔ ክፉ አልመኝልህም። ምግብ ከቸገረህ ግባና ብላ። ግን ዋስ ማለት ሰውየው ሲያጠፋ ሮጦ የሚይዝ ነው። እኔ በምን እሮጣለሁ?»

ጌሾዋቸውን መልሰው አነሱ። ደምሴ ቆሞ ቆሞ ወደ ቤት ገባ፤ በላ። ሲወጣ ፈቃድ የሚባል ነገር አላነሳም። በኋላ ተክለ ሃይማኖት አጠገብ አንድ ወፍጮ ቤት እህል ተሸካሚ ሆነ፤ እዚያው አረጀ። መጠጡን ተወ ወይ ትሉ ይሆናል። አልተወም። መሪ ግን አልጨበጠም።

ጋሼ በየነን ቀበርናቸው፤ ወይዘሮ አስካለንም እንዲሁ። እኔ የማኅበሩ አባል ከሆንኩ ጀምሮ ጽዋዬ ብርዝ ነበር። በቡናውም ጊዜ፣ በአለቆቹም፣ በአውቶቡሱም ጊዜ ብርዝ ነበር። ባለፈው ወር የጠጣሁት ማኅበር ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መጀመሪያዬ ነው። ቀጂው፣ ጎረቤቴ የሆነ አስተማሪ፣ እንደ ልማዱ የብርዙን ማሰሮ አንስቶ እፊቴ ሲደርስ ቆም አለ።

«ፈቃዱን መልሰዋል አሉ። እውነት ነው?»

«መልሻለሁ።»

«ታዲያ አሁንም ብርዝ ነው ወይስ ጠላ ልቅዳልዎ?»

ሰው ሁሉ ያየኛል። ስለ ጋሼ በየነ አሰብኩ፤ እሳቸው ቢኖሩ የሚጠይቁኝን ራሴን ጠየቅሁ፤ ከዚህ ወጥተህ ትነዳለህ? መኪና የለኝም። ማንቬላም የለም።

«ጠላውን ቅዳ» አልኩት።

ጠጣሁ። ደህና ጠላ ነው። ከዚያ ተነስቼ ቁልቁለቱን በእግሬ ወረድኩ፤ አናቱ ላይ ግን ከልማድ ቆም አልኩ።